የዕለቱ አጉራሽ

ጌቱ የሞተው የመጨረሻ ጉርሻውን ሳይውጥ ነው። ኢንስፔክተር ትሩፋት ገሠሠ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ አንሶላውን ገለጥ ስታደርግ መጀመሪያ ያየችው አፉን ነበር፤ ግማሽ የተላመጠ እንጀራ በምስር ወጥ ቀልቶ ከከንፈሩ ጥግ ብቅ ብሏል። ሸሚዙ ላይ ትውኪያው መድረቅ ጀምሯል። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ያን ሁሉ ሽታ ይዘው ሲቀመጡ አንድ ሰው እንኳ መስኮት አልከፈተም። ትሩፋት አፍንጫዋን በመሐረብ ያዘችና ራሷ ሄዳ ከፈተችው። ከታች የታክሲ ረዳት «ጀሞ! ጀሞ!» እያለ ይጮኻል፤ የእሑድ ከሰዓት ፀሐይ ወለሉ ላይ ወደቀ።

የጠራት የአምቡላንሱ ባለሙያ ነው። «ልብ ድካም ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አላማረኝም፤ መርዝ መርዝ ይሸተኛል» ብሎ ደውሎላት ነበር።

ትሩፋት በምርመራ ሥራ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ ሬሳ ለምዳለች። ያልለመደችው የሰው ጣት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ጉርሻ ትጸየፋለች። በየሠርጉና በየድግሱ አፏን ገጥማ ስትሸሽ አክስቶቿን አንድ ሳታስቀር አስቀይማለች፤ «ኩሩ» ይሏታል፣ «ቀብራራ» ይሏታል። ምን ታድርግ፣ የሚያጎርሳት እጅ ሲመጣ ዐይኗ ቀድሞ የሚሄደው ጥፍሩ ሥር ነው። ይህ አመሏ ለዘመድ ባይሆንላትም ለሥራዋ ሆኖላታል። ማን ምን ጨብጦ ምን እንደነካ ሳታይ አታልፍም።

ስለዚህ ከአፉ ቀጥላ የጌቱን እጆች አየች። ንጹሕ ናቸው። የወጥ ጠብታ የለባቸውም፤ ጥፍሩ ሥር የእንጀራ ፍርፋሪ እንኳ የለም። ምግብ አፉ ውስጥ እያለ የሞተ ሰው እጁ እንዲህ መጽዳቱ ገረማት። ጠረጴዛውም ባዶ ነው። ከወጥ ቤት ግን ውኃ ሲንሿሿ ይሰማል።

የጌቱ ሚስት አሰገደች እጅጌዋን ሰብስባ ትሪ እያጠበች ነበር።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለቻት ትሩፋት።

«ውይ እህቴ፣ ለቀስተኛ ሊመጣ ነው እኮ። ሰው ሲገባ ቤቱ ተዝረክርኮ ይይ?»

«ባለቤትዎ ወለል ላይ ተጋድመው?»

አሰገደች አረፋ በሸፈነው እጇ ፊቷን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ትሩፋት አላባበለቻትም። ከትሪው የተጠረገውን ትርፍራፊ ከቆሻሻው ፌስታል አስወጥታ አሳሸገች። ጠረጴዛው ላይ ምን እንደነበረ ስትጠይቅ ደግሞ ከቡፌው መሳቢያ፣ ከጠረጴዛ ልብስ ሥር፣ አንድ ፓኬት ካርታ ወጣ።

«የንስሐ አባታችን ይመጣሉ ብዬ ነው የሰበሰብኩት» አለች አሰገደች። «ካርታ ተበትኖ ሲያዩ ምን ይላሉ?»

ባሏ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል፤ እሷ የምታስበው የቄሱን ፊት ነው። ትሩፋት ወደ ሳሎን ተመለሰች።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ወንዶች ነበሩ። ሁለቱ ሶፋው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አንዱ ጎፋ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ሸምሱ ነው፤ ሌላው በአንድ የግል ድርጅት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ የሆነው ቴዎ። ሦስተኛው ወጣት በሩ አጠገብ ብቻውን ቆሟል። ቀኝ እጁን ከልብሱ አርቆ ይዟል፤ ጣቶቹ ላይ ወጥ ደርቆባቸዋል። «ሂድ ታጠብ» ያለው ሰው የለም።

«እሱ ነው ኢንስፔክተር» አለ ሸምሱ፣ በአገጩ እየጠቆመ። «ወላሂ፣ እሱ እያጎረሰው ነው የሞተው።»

ወጣቱ ቃለሕይወት ይባላል። ከሆሳዕና ለሥራ መጥቶ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል የተከራየ፣ የቤት ዕቃ በሚሠራ ድርጅት ንድፍ አውጪ ነው። ከትሩፋት ጋር የመጣው ፖሊስ ክንዱን ይዞ ሲያወጣው ሸምሱና ቴዎ ሶፋው ላይ ሰፋ ብለው ተቀመጡ።

ትሩፋት ከሸምሱ ጀመረች።

«በየእሑዱ ኮንከር እንጫወታለን» አላት። «ጌቱ ካርታው ላይ ወጥ ከነካ ያብዳል። ዛሬ ደግሞ አዲስ ካርታ ነበር፣ ዐይናችን እያየ ነው ፓኬቱን የቀደደው። እና እሱ ያወጣው ደንብ አለ። ምግብ ከመቅረቡ በፊት አንድ ዙር እንጫወታለን። የተሸነፈው የዕለቱ አጉራሽ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ካርታ አይነካም፤ እኛ እንጫወታለን፣ እሱ ያጎርሰናል።»

«እሱስ?»

«ማን?»

«አጉራሹ። እሱን ማን ያጎርሰዋል?»

ሸምሱ ጥያቄው አልገባውም። «እሱማ እጁ አለ አይደል፣ ራሱ ይበላል።»

«ከአንድ ትሪ ነው የበላችሁት?»

«ከአንድ። እኔ ስላለሁ ሥጋ አይቀርብም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነው። ሁላችንም በልተናል፣ እነሆ ደህና ነን።»

«ያለፈው እሑድ ማን ተሸነፈ?»

«ልጁ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«እሱው ነው። አዲስ ነዋ፣ ጨዋታ አይችልም።»

«እሱ ወደዚህ ሳይገባ በፊትስ?»

ሸምሱ ሶፋው ላይ ተመቻቸ። «እሱ ክፍል የነበረ ሌላ ተከራይ ነበር። ለቀቀ።»

ትሩፋት የዚህን ቤት ጨዋታ ጠረን ያገኘችው ያኔ ነው። ሰው ለሰፈሩ አዲስ ሲሆን ይጋበዛል፣ ይሸነፋል፣ አሽከር ይሆናል፤ ሲመረው ቤት ይለቃል። ይህን «ጉርብትና» ብለው ሲጠሩት ደግሞ አያፍሩም።

ቴዎ ተራው ሲደርስ ሽቶው ቀድሞት መጣ።

«ጌቱ የልጅነት ጓደኛዬ ነው» አለ በለስላሳ ድምፅ። «ጎፋ አንድ ግቢ ነው ያደግነው። እውነቱን ልንገርዎት ግን፣ ልጁን ይጫወትበት ነበር። ‹ተከራዩ› ይለዋል፣ ውኃ ያስቀዳዋል፣ እጅ ያስታጥበዋል። ሰው ይቆስላል ኢንስፔክተር። ዝም ብሎ የሚስቅ ሰው ነው የሚያስፈራው።»

«እርስዎ ምግቡን ነክተዋል?»

«እኔ? እጄ ካርታ ላይ ነበር። ደንቡ ነው።»

የሰጠው ቃል ተጽፎ ቀረበለት። ብዕሩን በቀኝ እጁ በአክብሮት ተቀብሎ ወደ ግራው አዛወረና ፈረመ። አሰገደችም ከወጥ ቤት አልወጣሁም፣ ሲያጎርስ የነበረው ልጁ ነው ብላ ፈረመች። ሦስት ሰው በአንድ አፍ መሰከረ።

በማግስቱ ቃለሕይወት ጣቢያ ውስጥ ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ የመጀመሪያ ቃሉ ውሸት ነበር።

«እኔ ካርታ አልጫወትም። የወንጌል አማኝ ነኝ። ለጉርብትና ብዬ ነው የገባሁት።»

«ሦስት ሰው ስትጫወት አይቶሃል» አለችው ትሩፋት። «ይህን የምትዋሸው ለእኔ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?»

ወጣቱ ወለሉን አየ። «ለእናቴ ነው» አለ። «እናቴ ሆሳዕና ዘማሪ ናት። እሑድ ከሰዓት የጸሎት ኅብረት አለኝ ብያታለሁ። ወሬው ቢደርሳት ሰው ገደለ የሚለውን አታምንም። ካርታውን ግን ታምናለች።»

«ስማኝ ልጄ። ሰው ሞቷል፣ ሦስት ሰው መስክሮብሃል። መዝገቡ እንዲህ እንዳለ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ከሄደ ዕድሜህን እስር ቤት ነው የምትጨርሰው። ከእንግዲህ አንዲት ነገር ብትደብቀኝ ላወጣህ አልችልም። ሳታጎርስ የቀረህበት ጊዜ ነበር?»

«ወጥ ቤት ሄጄ ነበር። ቃሪያ አልቆ ‹ጨምርልን› አሉኝ።»

«ማነው ያለህ?»

«ሁሉም ያዙኛል፣ ልብ አላልኩም። ወይዘሮ አሰገደች ቃሪያውን ከትፈው እስኪሰጡኝ ቆየሁ። ስመለስ ጌቱ ፊቱን አጨማዶ እያላመጠ ነበር። ‹ቶሎ በል፣ አፌን መረረኝ› አለኝ። አጎረስኩት። ከዚያ ማላብ ጀመረ።»

ትሩፋት ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። «ቆይ። አንተ ስትገባ እያላመጠ ነበር? ማን አጎርሶት?»

ቃለሕይወት ቀና ብሎ አያት። ይህን ጥያቄ ራሱን ጠይቆት አያውቅም።

«አላየሁም» አለ። «ጌቱ ሲጫወት ዐይኑን ከካርታው አያነሣም። ጉርሻ ሲቀርብለት አፉን ብቻ ይከፍታል። ማንም ቢያጎርሰው አያውቅም።»

«ማላብ ከጀመረ በኋላስ ምን አደረጋችሁ?»

«ሸምሱ ‹ልትሸነፍ ስትል ነው የሚያልብህ› ብሎ ሳቀ። ጌቱ እንደዚያ እያላበው እንኳ ካርታ ይስቡ ነበር። እኔ ውኃ ላምጣ ስል ቴዎ ‹ተው፣ ዙሩ ይለቅ፤ አጉርሰው ይሻለዋል› አለኝ። አጎረስኩት። እሱን ሳይውጥ ወደቀ።»

ትሩፋት ሰውየው ፊታቸው እየሞተ ካርታ ሲስቡ ታያት። ማስታወሻ መጻፏን ትታ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጌቱ ከአንተ ሌላ በማን ይቀልድ ነበር?»

«በሁሉም። ቴዎን ‹የስምንተኛ ክፍል ምሩቅ› ይለዋል። ሁሉም ይስቃሉ፣ ቴዎም ይስቃል፤ ዐይኑ ግን አይስቅም። ሰሞኑን ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ እስጢፋኖስ የሚባሉ ሰው ገብተዋል። ጌቱ ለሚመጣው እሑድ ጋብዟቸው ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከእንግዲህ አዲሱ ሰው እኔ አይደለሁም ብዬ።»

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ። «ሆዱ ውስጥ የአይጥ መርዝ አለ፣ መንገድ ላይ የሚሸጠው ዓይነት፤ ቶሎ ነው የሠራበት። የሚገርመው ግን አፉ ውስጥ የቀረው ምግብ ንጹሕ ነው። የላክሽው ትርፍራፊም ንጹሕ ነው።»

ትሩፋት ቢሮዋን ዘጋች። ጠረጴዛዋ ላይ ነጭ ወረቀት አነጠፈች፣ ጓንት አጠለቀችና ካርታዎቹን አንድ በአንድ ደረደረች። አዲስ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ። አንዱ ብቻ፣ የልብ ሰባት፣ ፊቱ ላይ ከታች በኩል መሐል ላይ የደረቀ የምስር ወጥ ታትሞበታል፤ አውራ ጣት የሚያህል ነው። ጣቱ ስለተንሸራተተ አሻራ የሚወጣው አይደለም። ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ጀርባው ንጹሕ ነው። ካርታዎቹን እንደ ተጫዋች በግራ እጇ ዘርግታ ያዘች፤ ከዚያ በቀኝ እጇ ዘርግታ ያዘች። ሁለቴ ሦስቴ ደጋገመችው። ቀጥላ ሄዳ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ የገባት ነገር ከወጡ ይልቅ አስጠልቷት ነበር።

አንድ ሰው ብቻ ቀርቷት ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ያልተፈቱ ካርቶኖች መሐል ያገኘችው እስጢፋኖስ ጎልማሳ፣ ጭምት ሰው ነው።

«አቶ ጌቱን ያወቅኳቸው ዕቃ ሳወጣ ነው» አላት። «አግዘውኝ፣ ለሚመጣው እሑድ ካርታ ጋበዙኝ። የት እንደምሠራ ስነግራቸው ሳቃቸው መጣ። ‹የቴዎ አዲስ አለቃ አንተ ነህና! እሑድ ና፣ ስለ ቴዎ ትምህርት የሚያስቅ ታሪክ አለኝ› አሉኝ። ቴዎም ደረጃው ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።»

ሁሉም የተሰበሰቡት በሠልስቱ ዕለት ነው። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ቀርቶ ትሩፋት የምትፈልጋቸውን ብቻ ወደ ላይ አስወጣች። ሳሎኑ ዕቃው ወጥቶ ፍራሽ ተነጥፎበታል። አሰገደች ጥቁር ለብሳ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ ሸምሱና ቴዎ ጎን ለጎን፤ እስጢፋኖስ በሩ አጠገብ። ቃለሕይወት ከፖሊስ ጋር ሲገባ አሰገደች ፊቷን አዞረች።

ትሩፋት ከቦርሳዋ አዲስ ፓኬት ካርታ አወጣች።

«እኔ ኮንከር አላውቅም» አለች። «እስኪ አንድ ዙር አሳዩኝ።»

«በለቅሶ ቤት ካርታ?» ጮኸች አሰገደች።

«ባለቤትዎ የሞቱት ካርታ ይዘው ነው እኮ። ያኔ ያላሳፈረ ዛሬ አያሳፍርም።»

ባልለመደ እጇ ለሸምሱ፣ ለቴዎና ለቃለሕይወት አደለች። ሰዎቹ ተያዩና፣ ያው የለመደ እጅ ነው፣ ካርታቸውን አንሥተው ዘረጉ።

«እንዳላችሁ ቆዩ» አለች ትሩፋት። «አሁን ልንገራችሁ።

«አቶ ጌቱ አፍ ውስጥ የተገኘው ጉርሻ ንጹሕ ነው። እናንተ በጣት የጠቆማችሁበት፣ ይህ ልጅ ያጎረሰው የመጨረሻው ጉርሻ፣ ማንንም አልገደለም። የትሪው ምግብም ንጹሕ ነው። ስለዚህ መርዙ የነበረው በአንድ ጉርሻ ውስጥ ብቻ፣ ቀደም ብሎ ነው። አቶ ጌቱ በገዛ እጃቸው አልጎረሱም፤ ጣቶቻቸውን አይቻለሁ። ልጁ ቃሪያ ሊያመጣ ሄዶ ሲመለስ ሰውየው አፋቸው መሯቸው እያላመጡ ነበር።»

«ይህን የሚለው እሱ ነው» አለ ቴዎ። «ከእስር ለመውጣት ምን የማይል አለ?»

«ልክ ነዎት። ስለዚህ የእሱን ቃል ተዉትና ካርታውን እንየው። ያን ዕለት አዲስ ፓኬት ነው የተከፈተው። አንዱ ካርታ ላይ የወጥ አውራ ጣት አለ። በመጀመሪያው ዙር ምግብ አልቀረበም፣ የማንም እጅ አልቆሸሸም። ከዚያ በኋላ ልጁ ካርታ ቢነካ ኖሮ አቶ ጌቱ ቤቱን ይገለብጡት ነበር። ስለዚህ ወጡን የነካው ከሚጫወቱት አንዱ ነው። ልጁ ወጥ ቤት ሳለ ካርታውን አስቀምጦ አንድ ጉርሻ ጠቀለለ፣ አጎረሰ፣ ጣቱን እንደነገሩ ጠራረገና ካርታውን መልሶ አነሣ።»

አሰገደች በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «ስሰበስብ እኔ ነክቼው ይሆናል» አለች።

«የተበተነ ካርታ የሚሰበስብ ሰው በጠርዙ ይዞ ይከምረዋል። ይህ አውራ ጣት ካርታው ፊት ላይ፣ ከታች መሐል ላይ ነው የቆመው። እዚያ ላይ የሚያርፈው ካርታውን ዘርግቶ የያዘው እጅ አውራ ጣት ነው። አቶ ሸምሱን እዩት፣ ልጁንም እዩት። በግራ ይይዛሉ፣ በቀኝ ይስባሉ። እኔም እንዲሁ ነኝ። እኛ ወጥ በነካ ቀኝ እጃችን ብንጫወት የምናቆሽሸው ስንስብ የምንነካውን የላይኛውን ጠርዝ ነው፤ ታችኛው አይነካም። እንግዲህ ያጎረሰው እጅና ካርታውን የያዘው እጅ አንድ እጅ ነው። የትኛው እጅ ነው? በግራ እጁ የሚያጎርስ ሰው በዚህ አገር አይቼ አላውቅም። አቶ ጌቱ ዐይናቸውን ካርታ ላይ ተክለው አፋቸውን ይክፈቱ እንጂ፣ ግራ እጅ ቢመጣባቸው ሸምሱ ዝም ብሎ አያይም፣ እሳቸውም ይተፉት ነበር። ያጎረሰው ቀኝ እጅ ነው። ካርታ የያዘውም ቀኝ እጅ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ቴዎ እጅ ዞረ። ካርታዎቹ በቀኝ እጁ ላይ ተዘርግተዋል፤ ግራው ለመሳብ እንደተዘጋጀ አየር ላይ ቀርቷል። ቶሎ ብሎ ወደ ግራው ሊያዛውራቸው ሲል ፍራሹ ላይ ተበተኑ።

«ግራኝ የሆነ ሰው ሁሉ ካርታ በቀኙ ይይዛል» አለ ቴዎ። ለስላሳው ድምፁ ጠፍቷል። «ይህ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ‹ምግቡን አልነካሁም› ብሎ መፈረም ግን ነገር አለው። ለመሆኑ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሌላ ግራኝ ነበር?»

ትሩፋት ወደ ሸምሱ ዞረች።

«ከጎናቸው ነበሩ። ምን አዩ?»

ሸምሱ ፊቱ ተለዋወጠ። ቴዎን አየ፣ አሰገደችን አየ፣ ከዚያ ጉልበቱን። «ጉርሻ ነው ያየሁት» አለ። «‹እንካ ጌቴ፣ በአሸናፊነትህ› ብሎ አጎረሰው። መርዝ መሆኑን በምን አውቄ?»

«ከሞቱ በኋላስ? ፖሊስ ሲጠይቅዎትስ?»

«ቴዎ ወንድሜ ማለት ነው። ልጁን ግን…» ቃል ፈለገ። «ልጁን ማን ያውቀዋል?»

ትሩፋት ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ አንዳንዱ ያሳዝናል። ይህን ዓይነቱን ሰው ግን አልቻለችውም። የተበላሸ ወጥ አፏ ውስጥ እንደገባ ሁሉ ፊቷ ተኮማተረ።

«ልጁ በየእሑዱ የሚሸነፈውስ እንዴት ነው? እሱንም ይንገሩኝ።»

«እንጣቀሳለን» አለ ሸምሱ በሹክሹክታ። «አዲስ ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ እንጣቀሳለን። ጨዋታ ነው።»

ትሩፋት ቴዎ ፊት መጥታ ቆመች። «እስካሁን አንቱ ስልህ ቆይቻለሁ፤ አሁን ይበቃል። የተቀጠርክበት ዲግሪ የሐሰት ነው። ጌቱ አብሮ አደግህ ነውና ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ እንዳቆምክ ያውቃል። ጓደኛ መሐል ሲቀልድብህ ጥርስህን ነክሰህ ትስቅ ነበር። ከዚያ አዲሱ አለቃህ ሁለተኛ ፎቅ ገባ፣ ጌቱም ካርታ ጠራው። ያን ቀልድ እሑድ አለቃህ ፊት እንደሚደግመው አወቅክ።»

እስጢፋኖስ በሩ አጠገብ በረጅሙ ተነፈሰ። ቴዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው።

«ለመንኩት» አለ። «አንድ እሑድ ብቻ ዝም በለኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ሳቀብኝ። ‹አለቃህ ይሳቅ እንጂ፣ ምን አለበት› አለኝ። ለሱ ቀልድ ነው፤ ለእኔ የልጆቼ እንጀራ ነው።»

«ይህንንስ ልጅ? እሱም ቀለደብህ?»

ቴዎ ወደ ቃለሕይወት አላየም። «እሱ ብቻውን ነው፣ እዚህ ቤተሰብ የለውም፣ ወጣት ነው። ታስሮም ይወጣል ብዬ ነው።»

አሰገደች ጩኸቷን ለቀቀችው። አሁን እንባዋ እውነተኛ ነበር፤ ተነሥታ ቴዎን ለመቧጨር ስትወረወር ሸምሱ ያዛት። ፖሊሱ የቴዎን ሁለት እጆች በካቴና አስሮ በድንኳኑ በኩል አወጣው።

ቃለሕይወት ተለቀቀ። ነጻ ነህ ሲባል ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ሸምሱ እንደ ጥላ ተጠጋውና ትከሻውን ነካ ነካ አደረገው።

«ወንድሜ፣ አትቀየመን። ሰው ሲደነግጥ ምን ያደርጋል? ሐዘኑ ይውጣ እንጂ እሑድ እሑድ እኔ ቤት እንቀጥላለን። አሁን እኮ የእኛው ሰው ነህ።»

«አዎ ልጄ» አለች አሰገደችም እየተንሰቀሰቀች፣ «እኛ ክፉ አይደለንም።»

ትሩፋት ከዚያ በላይ አልቆመችም። ልጁን በክንዱ ይዛ ወደ ደረጃው አወጣችው። ታችኛው ፎቅ ለቅሶ ይሰማል፤ ላይኛው ፎቅ ጸጥ ብሏል። ወደ ክፍሉ ከመሄዱ በፊት ልትጠይቀው የፈለገችውን ጠየቀችው።

«መጣቀሳቸውን አላየህም ነበር?»

«አይቻለሁ» አለ። «ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ።»

«እያወቅክ? ታዲያ ለምን ተመላለስክ?»

ቃለሕይወት የደረጃውን ብረት ያዘ።

«ሳምንቱን ሙሉ ስወጣ ስገባ ‹ደህና አደርክ› የሚለኝ የለም። እሑድ ሲሆን ግን ጌቱ እዚህ ደረጃ ላይ ቆሞ ‹ና እንጂ፣ አንተን እየጠበቅን ነው› ይለኛል። እንደሚያታልሉኝ አውቃለሁ። ግን እኔ ካልሄድኩ ጨዋታው አይጀመርም ነበር።»

ትሩፋት እነዚያን ቀናት ሁሉ ስትጸየፍ ነበር፤ ይህን ግን አልተጸየፈችውም። አንጀቷን በላት። «እናትህ ጋ ደውል» ብቻ አለችው።

ራሱን ነቀነቀና ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ትሩፋት ክፍሉን ከፍቶ ሲገባና በሩን ከውስጥ ሲቆልፍ ሰማች፤ ከዚያ መኪናዋ ወዳለችበት ወረደች።